ውሃ መንገዱን ሲያጣ

ሰው ወዳጁን ቀብሮ ሲመለስ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌው ልብስ ሰፊም በዚያ ደመና በከበደው ረፋድ ከመቃብር ሲመለሱ እንደዚያው ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጭቃ የጠገበ ሱሪያቸውን እየጎተቱ፣ ከቀባሪው ሁሉ ወደ ኋላ ቀርተው ይራመዱ ነበር። የቀበሩት ጎረቤታቸውን ጫማ ሰፊውን ነው። ሁለቱ ሰዎች በጎልማሳነታቸው እዚያ ሰፈር ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ አንዱ ከዳገቱ ሌላው ከቁልቁለቱ፣ ያንዱን ልብስ ያኛው ሲሰፋ ያንዱን ጫማ ይኸኛው ሲጠግን አብረው አርጅተዋል። የሰፈሩ ቀልደኞች «ከቁርጭምጭሚት በላይ ለአንዱ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ለሌላው ተካፍለው ገዙን» ይሏቸው ነበር።

ሞቱ ክፉ ሞት ነበር። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ የሰፈሩን ቦይ ሞላው። ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ አልቀበልም ቢለው፣ ውሃው ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ ቤቶች አዞረ። ሌላው ሰው ልጁን አዝሎ፣ ዕቃውን ታቅፎ ሮጠ። ጫማ ሰፊው ግን እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ ከዋሉ ወራት አልፏቸዋል፤ ሚስታቸውም መድኃኒት ሊገዙ ወጥተው ነበር። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ስለሆነ ውሃው ከውጭ ተጭኖ ያዘው። ጎረቤት በመጥረቢያ ሰብሮ እስኪገባ ድረስ የሆነው ሁሉ ሆኖ ነበር።

ልብስ ሰፊው ይህን እያሰቡ ከቱቦው አፍ ሲደርሱ፣ ሰዎች ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው በአካፋና በቆልማማ ብረት ቆሻሻ ይጎትታሉ። ከቱቦው የሚወጣው ነገር ማለቂያ የለውም። ጥቁር ፌስታል፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ እንደገና ፌስታል። ሽማግሌው ቆም ብለው አዩ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ለማንም ሳይሆን።

ከቦዩ ውስጥ አንዲት ሴት ቀና አለች። ፊቷ ጭቃ ስለለበሰ መጀመሪያ አላወቋትም። የልብስ ሰፊው የሞተች እህታቸው ልጅ ናት፤ እሳቸው በስፌት መኪናቸው አሳድገው፣ አስተምረው፣ ዛሬ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሳይንስ የምታስተምር መምህርት።

«ጋሼ፣ ከቀብር መመለስዎ ነው?»

«አዎ ልጄ። አፈር አልብሰነው መጣን። አንቺስ ምነው? የሰውየውን ቀብር ትተሽ ጭቃ ታቦኪያለሽ?»

«መምጣቱንማ ፈልጌ ነበር። ግን ሰማዩን ይዩት፤ ይህ ቱቦ እንደተደፈነ ዛሬም ከጣለ፣ ነገ ሌላ ሰው እንቀብራለን ብዬ ነው።»

ሽማግሌው መልስ ሊሰጡ ሲሉ፣ አንዱ ወጣት በብረቱ የጎተተው ጥቅልል እግራቸው አጠገብ መጥቶ ዘጭ አለ። እንደ ገመድ የተገመደ ሐምራዊ ጨርቅ ነው፤ በውስጡ ፌስታሉን፣ ጠርሙሱን፣ ሽቦውን ሁሉ አቅፎ ይዟል። በዚያ ሰፈር ሐምራዊ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሽማግሌው መቀስ በሚረግፈው ብጣሽ ምክንያት ነው ልጆቹ «አባ ቁርጥራጭ» የሚል ስም ያወጡላቸው። የእጁን ሥራ የማያውቅ ሰው የለም፤ ዓይኑን ከእጁ ሥራ የሚያሸሽ ግን ብዙ ነው። ሽማግሌውም ወደ ሰማይ ቀና አሉና «ሊያካፋ ነው፤ ነይ ቤት ገብተሽ ታጠቢ» አሉ።

የልብስ ሰፊው ክፍል ጠባብ ናት። የስፌት መኪናዋ ከጥግ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማለች፤ ብርሃን ስለማይደርሳት በቀትርም አምፖሉ አይጠፋም። በጓሮ በር በኩል ያለው ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ስለሚንጠባጠብ ሽማግሌው ድምፁን መስማት ትተዋል። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ የታጨቀባቸው ፌስታሎች ተንጠልጥለው ማታ ወደ ቦዩ የሚወርዱበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። መምህርቷ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ዓይኗ ፌስታሎቹ ላይ አረፈ።

«የእግዜር ቁጣ ነው» አሉ ሽማግሌው ዓይኗን ተከትለው። «ዝናብን ማን ያዝዛል? እሱ ሲቆጣ ማን ይመልሳል?»

«ዝናቡስ የእግዜር ነው፣ ጋሼ። ቱቦውን የደፈነው ፌስታል ግን ከሰማይ አልወረደም።»

«ቆይ፣ ቆይ። አባቴ ከዚሁ ቦይ ዳር ተወልዶ፣ ከዚሁ ቦይ ሲጥል ኖሮ ነው የሞተ። አያቴም እንዲሁ። ቦዩ ግን አንድም ቀን ሰው አልበላም። ዛሬ እናንተ ስትማሩ ነው ቦዩ ክፉ የሆነው?»

«አባትዎ ምን ነበር የሚጥሉት?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ምን ይጥላል? አመድ... ልጣጭ... አጥንት። ጨርቅም ቢሆን አልቆ አልቆ ብጣሽ ሲሆን።»

«እኮ! አመዱ ይሟሟል፤ ልጣጩ ይበሰብሳል፤ የጥጡ ብጣሽም በአንድ ክረምት አፈር ይሆናል። የዛሬው ፌስታል እኔም እርስዎም ከሞትን በኋላ እዚያው ይጠብቃል። የዛሬው ጨርቅም ስሙ ነው እንጂ ጨርቅ፣ አብዛኛው ከፌስታል ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ቦዩ ያው የድሮው ቦይ ነው፣ ጋሼ። የምናጎርሰው ነው የተለወጠው።»

«እሺ፤ ይሁን። ታዲያ የአንድ ሽማግሌ አንድ ፌስታል ምን ያህል ነው? አገሩ ሁሉ ይጥላል። እኔ ብተው፣ ጎረቤቴ ይተዋል?»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። ፌስታልም ቢያብር ወንዝ ያስራል። እዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው እኮ የአንድ ሰው አይደለም፤ ሁሉም 'የኔ አንዷ ምን አላት' እያለ የጣለው ነው።»

«ማዘጋጃ ቤትስ ምን ሊሠራ ነው የተቀመጠው? ያንሣልን!»

«ልክ ነዎት፤ ማንሣት አለበት። የቆሻሻ መኪናው አንዴ ብቅ ካለ ወር ይጠፋል። አመልክተናል፤ ገናም እናመለክታለን። ግን መኪናው እስኪመጣ ቦዩን ሙሉልኝ ብሎ ያዘዘን የለም።»

ሽማግሌው ተነሥተው በክፍሏ ውስጥ ተንጎራደዱ። በክርክር መሸነፍ ልማዳቸው አልነበረም፤ ይልቁንም እሳቸው ራሳቸው ፊደል ባስቆጠሯት ልጅ። «እንግዲያው ጓሮ ወስጄ አቃጥለዋለሁ፤ ዕረፍት ታገኛላችሁ» አሉ።

«ጭሱስ? ማታ ማታ ሰዉ የሚያቃጥለው አይበቃንም? የፌስታልና የናይለን ጭስ መርዝ ነው። መጀመሪያ የሚገባው በእርስዎ ሳንባ ነው፤ ቀጥሎ ከግድግዳው ወዲያ በምትተኛው የጎረቤት ጨቅላ።»

«አትጣል! አታቃጥል! ታዲያ ልብላው?»

መምህርቷ በዚህ ጊዜ መሣቅ ነበረባት፤ ነገሩም በሣቅ ባለፈ ነበር። ግን ያን ቀን ደክሟታል፣ አዝናለች፣ ከጥፍሯ ሥር ያለው ጭቃም አልለቀቃትም። ከዚህም በላይ ጫማ ሰፊው በልጅነቷ ጫማዋን ሲጠግኑ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ምስማር ይመቱላት ነበር። ስለዚህ መናገር የሌለባትን በዚያች ሰዓት ተናገረች።

«ጋሼ፣ ያን ሐምራዊ ጨርቅ አይተውታል። እኔም አይቼዋለሁ።»

ከጓሮ የቧንቧው ጠብታ ብቻ ይሰማል።

«ወዳጅዎን ገደሉት ነው የምትይኝ?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«ብለሻል! ገና አፈሩ ሳይደርቅ! በዚች ፔዳል ነው ያሳደግሁሽ። ሌት ተቀን እግሬ እስኪደነዝዝ ረግጬ፣ ያንን ሐምራዊ ጨርቅ ቆርጬ ነው መምህርት ያሰኘሁሽ። ዛሬ ትርፍራፊውን አንሥተሽ ፊቴ ላይ ወረወርሽው? ውጪልኝ።»

«ጋሼ...»

«ውጪልኝ አልኩ።»

ወጣች። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለውጦ ነበር። ሽማግሌው በሩን ዘግተው መኪናዋ ፊት ተቀመጡ፤ ግን አንድ ስፌት አልሰፉም። እውነት እንደ መርፌ ናት፤ በቦታዋ ከገባች ትጠግናለች፣ ያለቦታዋ ከገባች ታደማለች። ያን ዕለት አድምታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሽማግሌው ከልጂቱ ጋር አልተነጋገሩም። መንገድ ላይ ብትመጣ ወደ ሱቅ ይገባሉ፤ በራቸውን ብታንኳኳ አይከፍቱላትም። ፌስታሎቹ ከበሩ ጀርባ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ማታ ማታ አውርደው ይይዟቸዋል፤ ደጅ ድረስ ይሄዳሉ፤ መልሰው ይሰቅሏቸዋል። የተቀየሟት ልጅ ቃል ነው የሚመልሳቸው ወይስ የገዛ ልባቸው፣ እሳቸውም አላወቁትም።

አንድ ቀን የጫማ ሰፊውን ባለቤት ሊጠይቁ ወረዱ። ሴትዮዋ ከጎረቤት ተጠግተው፣ ከጎርፉ የተረፈውን ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ያደርቃሉ። የማይደርቅ ፍራሽ ነበር። ሽማግሌው ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ ከአፋቸው የወጣው ያላሰቡት ነገር ሆነ።

«ያ ቦይ እንዲህ መደፈኑን... እሱ ያውቅ ነበር?»

«እሱማ መች ጠፋው!» አሉ ሴትዮዋ። «እግሩ ሳያብጥ በፊት በየጠዋቱ ቆልማማ ብረቱን ይዞ ይወርድ ነበር። ቱቦው አፍ ላይ የተከማቸውን ጎትቶ አውጥቶ ነው ሥራውን የሚጀምር። ሰው ሳይነሣ ነው ደግሞ፤ እንዳይታይ።»

«እንዳይታይ? ምን ብሎ?»

ሴትዮዋ አመነቱ። ከዚያ ፍራሹን መታ መታ እያደረጉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ። «ስንቴ ብዬዋለሁ። 'ጨርቁ የወዳጅህ ነው፤ ውጣና ንገረው' ስለው፣ 'ተይ አንቺ፤ ሰውየው ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው፤ ለቁራጭ ጨርቅ ብዬ ወዳጄን ላሳፍረው?' ይለኛል። እግሩ ሲያዝ ግን ከፋው። 'እንግዲህ ቦዩ ሰው አጣ' እያለ ይተክዝ ነበር። እኔ ልንገርልህ ስለው ደግሞ ይቆጣኛል።» ዘወር ብለው የሽማግሌውን ፊት ሲያዩ ደነገጡ። «እኔ ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። ይወድዎ እንደነበር እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

ወቅሰዋቸው ቢሆን በቀለላቸው። ሽማግሌው ተሰናብተው ወጡ። ዳገቱን ሲወጡ ቱቦው አጠገብ ቆሙ። በየጠዋቱ እሳቸው ገና ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ሳለ፣ አንድ ሰው እዚህ ጎንበስ ብሎ የእሳቸውን ጨርቅ ከጭቃ ውስጥ ሲጎትት ታያቸው። ያ ሰው ከዚያ ወደ እሳቸው ወጥቶ «እንዴት አደርክ?» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም «ምነው ዛሬ እጅህ ቀዘቀዘ?» ይሉት ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ወዳጅነትም አንዳንዴ እያሳሳቀ ይደብቃል።

በማግሥቱ ሽማግሌው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ታዩ። መምህርቷ ስትወጣ አየቻቸውና ቀረበቻቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ያልኩት...»

«ተይው እሱን። መናገርሽ ትክክል ነበር፤ ሰዓቱ ነው የከፋው። አሁን ግን ልጠይቅሽ፤ እንዳታባብይኝ። እንደ አስተማሪ ንገሪኝ። ያ ጨርቅ ባይኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

መምህርቷ ተማሪዎቹ እስኪያልፉ ጠበቀች።

«አላውቅም፣ ጋሼ። ዝናቡ ከባድ ነበር። ቱቦውም ሲሠራ ጀምሮ ጠባብ ነው። ፌስታሉም ጠርሙሱም የሁላችንም ነው፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ከሱቅ በፌስታል ይዤ ገብቻለሁ። ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም፤ አይተርፉም ነበር ብዬም አልምልም። የማውቀው፣ ውሃ መንገድ ካገኘ ሰው ቤት አይገባም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የተፈረደባቸው መሰላቸው፤ ግን ውሸት ስላልነገረቻቸው ልባቸው ወደ እሷ ተመለሰ። «እሺ» አሉ። «ምን ላድርግ? የሞተውን እንደሆነ አላስነሣው።»

እየሄዱ ነገረቻቸው። እንደ ትምህርት ሳይሆን እንደ ቤት ወሬ ነበር። ከጨርቁ ሰፋ ሰፋ ያለውን ገጣጥመው የገበያ ከረጢት ቢሰፉበት፣ ሰው ፌስታል መለመኑን ይተዋል። ደቃቃው ለትራስና ለመቀመጫ ሙሌት ይሆናል። የምግብ ትርፍራፊና ልጣጭ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ አፈር እየተነሰነሰበት ቢቀመጥ፣ ሳይሸት በስብሶ ለተክል ማዳበሪያ ይሆናል።

«ደግሞ ያ ቧንቧ፣ ጋሼ።»

«ቧንቧው ምን አደረገ?»

«ሌት ተቀን ይንጠባጠባል እኮ። ጎማው ነው ያለቀው። ከላይ ያሉት ሰዎች ውሃ ሲያጡ እኛ ጋ ለጭቃ ይፈስሳል። መኪናዋንም ከመስኮቱ ሥር ብናዞራት ቀን አምፖል አያስፈልግዎም፤ ዓይንዎም ይድናል።»

ሽማግሌው ቆም አሉ። ከጎርፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈራቸው ወደ ፈገግታ አዘነበለ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ እኮ የእናቴ አኗኗር ነው። እሷ ፌስታል መች ታውቅ ነበር? ዘንቢሏን አንጠልጥላ ነው የምትገበየው። የተቀደደ ስትጠግን፣ የተረፈ ስታስቀምጥ ነው የኖረችው። እኔ ነኝ ዘመናዊ ልሁን ብዬ የጣልኩት።»

«ታዲያ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው» አለች መምህርቷ። «እንዲያው መመለስ ነው።»

በዚያው ሳምንት መኪናዋ ከጥግ ተነሥታ መስኮቱ ሥር ተተከለች። ቧንቧው ጎማ ተቀየረለት፤ ሽማግሌው ግን ሌሊት ዝምታው እንቅልፍ እንደነሳቸው ለልጂቱ አጫወቷት። ጓሮም ለልጣጩ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከዚያ ከረጢት መስፋት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰፉትን ይዘው ሱቅ ሲሄዱ ባለሱቁ ሣቀባቸው። «አባ ቁርጥራጭ ደግሞ በስተርጅና ሊያስተምሩን ነው!»

«አላስተምርህም» አሉት። «ግን የቁልቁለቱን ቤት በር በመጥረቢያ የሰበርከው አንተ ነህ። ያየኸውን ታውቃለህ።»

ባለሱቁ ሣቁ ጠፋ። ዕቃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ጨመረላቸውና ትንሽ ቆይቶ «እስቲ ለኔም ጥቂት ይስፉልኝ፤ ደንበኛ ሲጠይቀኝ እሰጣለሁ» አለ።

ሰው ሁሉ በአንድ ቀን አልተመለሰም። «ይህ የእብድ ሥራ ነው» ያለ ነበር፤ ሰው ሳያየው በጨለማ የሚጥልም ነበር። ሽማግሌው ግን ከማንም ጋር አልተጣሉም። ሲነጋ ቆልማማ ብረት ይዘው ይወርዳሉ፤ ያገኙትን ያወጣሉ። ከወዳጃቸው በአንድ ነገር ብቻ ተለዩ፦ ሰው እያያቸው ነው የሚያወጡት። ፌስታሉን የጣለው ሰው በዚያ ካለፈ «ይህ ያንተ ነው መሰለኝ፤ ቤት ከረጢት አለኝ፣ ጎራ በል» ይሉታል፣ ያለ ቁጣ። እሳቸው ዝም በመባላቸው ምን እንደደረሰ ያውቃሉና ማንንም ዝም ማለት አልፈለጉም።

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ለውጡ ለዓይን ታየ። ቦዩ ወለሉን አሳየ፤ ዝንቡ ቀነሰ፤ ማታ ማታ ሰፈሩን የሚያፍነው የፌስታል ጭስ ስለቀረ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጨቅላ ሳል ቀለል አላት። ከጓሮው ጉድጓድ የወጣውን ጥቁር አፈር እየተካፈሉ በየደጁ ጎመንና ሽንኩርት የተከሉ ሴቶች ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ሲጠራቀም ትንሽ አይደለም፤ ሲጀመር ግን አንድ ከረጢት፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የቧንቧ ጎማ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ቱቦውን አሰፋላችኋለሁ ያለበት ቀጠሮ ዛሬም ቀጠሮ ነው፤ ሰፈርተኛው ደጅ መጥናቱን አልተወም።

የጫማ ሰፊው ባለቤት ግን ይህን አላዩም። ያ ፍራሽ ሳይደርቅላቸው፣ ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሄዱ። ቤታቸውን ቀጣዩ ክረምት ሊገባ ሲል አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ከአራስ ሚስቱ ጋር ተከራየው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ስለተቀባ፣ ውሃው የደረሰበትን ምልክት ተከራዮቹ አላዩትም፤ የነገራቸውም የለም።

በቀጣዩ ክረምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ እንደገና ጠቆረና ያንኑ የመሰለ ዝናብ ወረደ። ሽማግሌው ብረታቸውን ይዘው ወጡ። መምህርቷ ተከተለቻቸው። ቱቦው አጠገብ ላስቲክ ተከናንበው ቆሙ። ውሃው ደፍርሶ፣ እየጋለበ መጣ፤ እስከ ቦዩ ጫፍ ሞላ፤ የቁልቁለቱን ደጃፎች ላሰ። ሽማግሌው ብረቱን ጨብጠው ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ ከመንገዱ ሥር እንደ ጉሮሮ ድምፅ ያለ ነገር ተሰማ፤ ውሃውም ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ገብቶ አለፈ።

ዝናቡ ሲያባራ በሮች መከፈት ጀመሩ። አራሷ ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ብቅ አለች፤ ደጃፏ ላይ የቀረውን ጭቃ በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ፀሐይ ስታይ ፊቷን ፈታች።

«አዩ፣ ጋሼ» አለች መምህርቷ፣ እንባና ዝናብ ፊቷ ላይ ተቀላቅሎ። «ሁላችንም ደህና ዋልን።»

ሽማግሌው አራሷን ብዙ ጊዜ አዩአት።

«ሁላችንም አትበይ፣ ልጄ» አሉ። «የቀረነው በይ።»